እቴጌ ምንትዋብ፥ የብዙዎች እናትና አያት



ለዘንድሮው መጽሔታችን ከቀደሙት ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ጓደኞቼ ሁሉ ዐፄ ቴዎድሮስን ወይም እቴጌ ጣይቱን የምመርጥ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ያለ ብዙ ማመንታት የመረጥኋቸው እቴጌ ምንትዋብን ነው። ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ጽሑፌ ለምን አንዳንድ ቦታ ወደ እርሳቸው እንደሚያዳላ ለአንባቢ አይገባውም።

የተወለድሁትም ያደግሁትም በጎንደር ከተማ ነው። ልጅ ሳለሁ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን፥ የጽጌ ጾም ተፈጽሞ የቁስቋም በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ አያቴ ገና ሳይነጋ ትቀሰቅሰኝና ነጭ ልብስ አልብሳኝ ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይዛኝ ትወጣ ነበር። ዳገቱ ለሕፃን እግር ቀላል አይደለም። ቅዳሴው አልቆ፥ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ካደረገ በኋላ፥ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን አያቴ ግን ወዲያው አትመለስም። በግቢው ውስጥ የነገሥታት አፅም ያረፈበትን፥ መስታወት የተገጠመለትን ትንሽ ሣጥን ለማየት ትሄዳለች። በዚያ ሣጥን ውስጥ የሦስት ሰዎች አፅም በአንድነት ይገኛል፤ የእቴጌ ምንትዋብ፥ የልጃቸው የዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ ነው። እኔ በፍርሃት ከነጠላዋ ሥር ስሸሸግ፥ እርሷ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ትቆማለች። ምን እንደምታስብ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለ እቴጌይቱ የምትነግረኝ ነገር ሁሉ ትናንት የተደረገ ይመስል ነበር። ስለዚህ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመቴ ድረስ እቴጌ ምንትዋብ የቅርብ ዘመዳችን ይመስሉኝ ነበር። በኋላ ግን ከፍ ያለ ክፍል ደርሼ ታሪክ ስማር፥ ስማቸውን ለዘመነ መሳፍንት መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች መካከል ተጽፎ አገኘሁት። ለወገን ማድላት፥ የሁለት ሴቶች ፉክክር፥ ከዚያም የመንግሥት መፍረስ። በሦስት መስመር አለቀ። የዘመዴ ስም በክፉ የተነሣ ያህል ከፋኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ፤ አሁን የምጽፈውም ከዚያ የለቀምሁትን ነው። ዓመታቱን በሙሉ በእኛ አቈጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1698 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባሉ ነበር። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያውቃቸው ግን፥ ምን ያህል ውብ ናት የሚል ትርጉም ባለው ምንትዋብ በሚለው ስም ነው።

ከዐፄ በካፋ ጋር ስለ መገናኘታቸው አንድ የታወቀ ትውፊት አለ። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው በየአገሩ እየተዘዋወሩ የሕዝቡን ኑሮ ማየት ይወዱ ነበር ይባላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነው ወደ ቋራ ሲሄዱ በንዳድ ታመው በአንድ ገበሬ ቤት ወደቁ። የቤቱ ልጅ ሌት ከቀን ሳትሰለች አስታመመቻቸው፤ በዳኑም ጊዜ ወደ ጎንደር አስመጥተው አገቧት። ዜና መዋዕሉ ደግሞ የትውልዳቸውን ሐረግ እስከ ዐፄ ሚናስ ድረስ ይቈጥራል፤ እንግዲያው ቤቱ ተራ የገበሬ ቤት አልነበረም ማለት ነው። አያቴ የምትወደው ግን የገበሬውን ቤት ነው። የዘር ቈጠራውን ባነበብሁላት ጊዜ እህል ከመልቀም ቀና እንኳ አላለችም።

ከእርሳቸው በፊት የነበረችው የዐፄ በካፋ ሚስት ዘውድ በጫነችበት ቀን ከግብር በኋላ በድንገት ሞታለች ይባላል። ወጣቲቱ ምንትዋብ የገቡት እንግዲህ እንዲህ ወዳለ ቤት ነበር።

ዐፄ በካፋ መስከረም 1723 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ኢያሱ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቲቱም ቢሆኑ ከሃያ አምስት ዓመት እምብዛም አላለፉም። በዚያ ዘመን የነገሥታት ወንዶች ልጆች በወኅኒ አምባ ተጠብቀው ይቀመጡ ስለ ነበር፥ አንድ ቡድን ቢያምጽ ከአምባው ሌላ ልዑል አውርዶ ማንገሥ አያዳግተውም። ምንትዋብም ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና ሕፃኑን ፈጥነው ካነገሡ በኋላ፥ በዚያው ዓመት ራሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር በመንግሥቱ ተካፋይ ሆኑ። ሴት በዚህ ዓይነት፥ እንደ ንጉሥ ሚስት ብቻ ሳይሆን እንደ መንግሥት ተጋሪ ዘውድ ስትጭን ከእርሳቸው በፊት አልታየም።

ነገር ግን ዘውድ መጫን አንድ ነገር ነው፤ በራስ ላይ ማቈየት ሌላ ነገር ነው። በ1725 ዓ.ም. ሌላ ንጉሥ የሰየሙ ዓመፀኞች በጎንደር ግቢውን ከበቡ። እናትና ልጅ በግንቡ ውስጥ ተከበው ቈዩ፤ ከተማውም ተቃጠለ፤ በመጨረሻ ከውጭ ወዳጆቻቸው ደርሰው አዳኗቸው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የታየኝ፥ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በአጠገቡ የማልፈው የግቢ አጥር ነው። ከዚያ አጥር በስተ ውስጥ አንዲት ወጣት እናት የ9 ዓመት ልጅ አቅፋ ከውጭ የሚጮኸውን ሕዝብ ስታዳምጥ ማሰብ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሥራ ሁሉ ከዚህ ቀን ለይቼ ማየት አልችልም። ሴት እንደ መሆናቸው ጦር መርተው በዘመቻ ስም ለማትረፍ አልቻሉም። ስለዚህ በሁለት ነገር ብቻ ተማመኑ፤ በወንድሞቻቸውና በልጆቻቸው ጋብቻ። የቋራ ዘመዶቻቸውን አምጥተው በየሹመቱ አኖሩ። ከሁሉም ዋናው ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ናቸው። ሌሎች መኳንንት በዚህ መቈጣታቸው እውነት ነው፤ መጽሐፋችንም ለወገን ማድላት የሚለው ይህንኑ ነው፤ አልክድም። ዳሩ ግን ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ መንግሥቱ በአንድ ሰው ብልኀት ተደግፎ መቆሙንም ያው ታሪክ ይመሰክራል።

ስለ ግንባታቸው ብዙ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቦታ እንዳላጣብብ ግን ሁለቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው ይኸው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ቁስቋም ማለት በግብፅ አገር እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት ቦታ ስም ነው። እቴጌይቱ ለቤተ ክርስቲያናቸው ይህን ስም መምረጣቸው ለእኔ እንዲያው በዘፈቀደ የሆነ አይመስለኝም፤ ልጅ ይዞ መሸሽ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበርና። በአጠገቡ የግብር አዳራሽና የሚኖሩበትን ግንብ አሠሩ፤ በግድግዳውም ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች ገብተውበታል። ዛሬ ጣራው የለም። ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀዩ ድንጋይ ከሌላው ተለይቶ ይታያል። ሁለተኛው በጣና ባሕር በደቅ ደሴት ላይ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለፈው ዓመት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በጀልባ ሄደን አይቼዋለሁ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች የመላእክቱን ክንፍ ሲያደንቁ እኔ ከዚያች ከተደፋችው ሴት ዓይኔን ማንሣት አልቻልሁም።

አሁን ደግሞ በትምህርት ቤት መጽሔት ለመጻፍ ትንሽ የሚያሳፍር ነገር አለ፤ ነገር ግን ብተወው የሚቀጥለው አይገባም። እቴጌይቱ ከባላቸው ሞት በኋላ የዐፄ በካፋን የእኅት ልጅ ግራዝማች ኢያሱን ወደዱ፤ ሰዉ ምልምል ኢያሱ እያለ ያሽሟጥጠው ነበር። ከእርሱም ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ወይዘሮ አስቴር፥ ወይዘሮ ወለተ እስራኤልና ወይዘሮ አልታሽ ይባላሉ። ንጉሡ ልጃቸው ካደጉ በኋላ በዚህ ነገር እጅግ ያፍሩ ነበር። ግራዝማች ኢያሱ በጣና አካባቢ ከገደል ተወርውሮ ሞተ፤ ያስገደሉትም ንጉሡ ናቸው ተብሎ ይታመናል። እቴጌይቱ ከዚያ በኋላ ከልጃቸው ጋር እንዴት በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጡ አስቡት። ግን ተቀመጡ።

ዐፄ ኢያሱን ሰዉ ከታላቁ አያታቸው ከቀዳማዊ ኢያሱ ጋር እያስተያየ ትንሹ ኢያሱ ይላቸው ነበር። ይህ ስም ሳያናድዳቸው አልቀረም፤ በ1736 ዓ.ም. ጦር አስከትተው ወደ ስናር ዘመቱ። በዲንደር ወንዝ አጠገብ ድል ሆኑ፤ ነገሥታቱ ለዘመቻ ይዘውት የሚወጡት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል ሳይቀር ተማረከ፤ በኋላም በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። ሰኔ 1747 ዓ.ም. ንጉሡ ገና በጐልማሳነታቸው ዐረፉ። የግራዝማች ኢያሱ ዘመዶች መርዘዋቸዋል የሚል ወሬም ተነሣ። በግምጃ ቤቱ ውስጥ ከጥቂት ወርቅ በቀር አልተገኘም ይባላል። እቴጌይቱም ልባቸው ተሰብሮ፥ ሁሉን ትቼ ቁስቋም እመነኵሳለሁ ብለው ተነሡ፤ መኳንንቱ ግን ለምነው አስቀሯቸው። በዚያን ቀን እንዳሉት መንነው ቢሆን ኖሮ ስማቸው ዛሬ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ በሌላ ምዕራፍ ይጻፍ ነበር።

አሁን ወደ ጋብቻዎቹ ልመለስ። የኢትዮጵያን ካርታ ዘርግታችሁ ብትመለከቱ ነገሩ በጣም ግልጽ ይሆንላችኋል። ዐፄ ኢያሱ ያገቡት የወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ ውቢትን ነበር። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ለደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ፤ ራስ ኃይሉን የወለዱት እርሳቸው ናቸው። ወይዘሮ አስቴር የበጌምድሩን ገዥ ማርያም ባርያን አገቡ። ወይዘሮ አልታሽ ደግሞ የትግራዩ ገዥ የስሑል ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያትን አገቡ። ወሎ፥ ጎጃም፥ በጌምድር፥ ትግራይ፤ አራቱም ማዕዘን በአንዲት ሴት ማዕድ ዙሪያ ተቀመጡ። ከውጭ ማንም እንዳይነሣባቸው ሁሉንም ወደ ቤት አስገቡት። ይህን በወረቀት ላይ በመስመር አያይዤ ስሥለው በእውነት ብልኀታቸው አስደነቀኝ። ነገር ግን ጠብ ቢነሣ ጠቡ ሁሉ የቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል።

እንደዚያውም ሆነ። ከዐፄ ኢያሱ ሞት በኋላ ሕፃኑ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ። አያቲቱ እንደ ቀድሞው የመንግሥቱን ሥራ ልምራ አሉ፤ እናቲቱ ውቢት ደግሞ አሁን ተራው የእኔ ነው አሉ። እዚህ ላይ የሁለት ሴቶች ፉክክር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ለእኔ የሚታየኝ ግን ውቢት ያደረጉት ሁሉ ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ያደረጉት መሆኑ ነው። እርሳቸውም እንደ አማታቸው ሕፃን ንጉሥ የያዙ መበለት ነበሩ፤ እርሳቸውም እንደ አማታቸው ወንድሞቻቸውን ከአገራቸው አስመጥተው ሾሙ። አማቲቱ ለራሳቸው ትክክል ያሉት ነገር በምራታቸው እጅ ሲያዩት ግን አልታገሡትም። ይህን ስጽፍ እቴጌዬን መክሰሴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያገኘሁት ይህንን ነው።

ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት እስካሉ ድረስ የቋራውን ወገንና የወሎውን ወገን እያስማሙ ቈዩ። በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ ያ መካከለኛ ሰው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናገራለሁ፤ የጦርነቱን ዝርዝር ሳነብ ራሴን ያመኛል፤ ሰው እያለፈ ሰው ይተካል። ስሑል ሚካኤል ከትግራይ ከብዙ ጦር ጋር ወደ ጎንደር ተጠርተው መጡ። ዐፄ ኢዮአስ የበጌምድርን ግዛት ከአክስታቸው ባል ከማርያም ባርያ ነሥተው ለእናታቸው ወንድም ለብራሌ ሰጡ፤ ማርያም ባርያ አልለቅም ብለው ተዋጉ፤ ብራሌም በጦርነቱ ሞቱ። ንጉሡ ሚካኤልን በማርያም ባርያ ላይ አዘመቱ፤ ማርያም ባርያ ድል ሆነው ሸሹ፤ ተይዘውም ለብራሌ ወንድም ለሉቦ ተሰጡና ተገደሉ። መበለቲቱ ወይዘሮ አስቴር ስሑል ሚካኤልን አገቡ። ቀጥሎም ንጉሡና ሚካኤል ተጣሉ፤ አዘዞ ላይ የንጉሡ ወገን ድል ሆነ፤ ግንቦት 1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ።

የታሪክ ሰዎች ዘመነ መሳፍንት ብለው የሚቈጥሩት ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን የማስበው አንዲት አሮጊትን ነው። የገዛ ልጃቸው ባል የገዛ የልጅ ልጃቸውን ገደለ። የሟቹ አጥንት ከአባቱ አጠገብ በቁስቋም ዐረፈ፤ አያቲቱም ወደ ጎንደር ግቢ ተመልሰው በመንግሥት ነገር መግባት እንቢ አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት አልፎ ነበር።

በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ለማየት ፈልጎ ጎንደር ደረሰ። በዚያ ሰሞን በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ በቁስቋም ግንብ ውስጥም የቤተሰቡ ልጆች ታመው ነበር። እቴጌይቱ በመጀመሪያ በቅዱሳን አባቶች ጸሎት ተማመኑ፤ በኋላ ግን ጨንቋቸው ብሩስን አስጠሩት። እርሱም በርና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከሞት ከተረፉት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ነው። ይህ ሰው ብዙ ዓመት ቈይቶ በ1782 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ እቴጌይቱን በፍቅር ያነሣቸዋል። ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው አንድ ወሬው ነው። እቴጌይቱ የሰው ልጅ ነገር ገረማቸው፤ እርሱ ኢየሩሳሌምን አይቶ ሲያበቃ አንድ ወንዝና አንድ ረግረግ ለማየት ይህን ሁሉ መከራ ተቀብሎ ይመጣል፤ እርሳቸው ደግሞ የነገሥታት እናት ሆነው ሳሉ፥ እንጀራ እየለመኑም ቢሆን ኢየሩሳሌም ደርሰው መቃብሩን ቢስሙ ምን ያህል ደስ ባላቸው ነበር። ኢየሩሳሌምን ግን ሳያዩ ቀሩ።

ዕረፍትም ቢሆን ሙሉ አላገኙም። ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ሲመለሱ እቴጌይቱ ሸሽተው ወደ ልጃቸው አገር ወደ ጎጃም ሄደዋል። ልጆቻቸውን በየማዕዘኑ የዳሩበት ያ ብልኀት በዚህ አንድ ጊዜ ጠቀማቸው፤ ከአንዲቱ ልጅ ባል ሸሽተው በሌላይቱ ልጅ ቤት ተጠጉ። ግንቦት 1763 ዓ.ም. ስሑል ሚካኤል በሰርባኩሳ ተሸንፈው ተያዙ፤ እቴጌይቱም ወደ ቁስቋማቸው ተመለሱ። በሰኔ 1765 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። ባላቸውን፥ የወደዱትን ሰው፥ ወንድማቸውን፥ ልጃቸውን፥ የልጅ ልጃቸውን ሁሉ ቀብረው ነበር።

በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አልዳነም፤ ዛሬ የምንስመው በኋላ የታነጸው ነው። በ1972 ዓ.ም. ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የቁስቋም ፍርስራሽም አብሮ ተመዝግቧል። ይህን የሚነግሩኝ የውጭ አገር ጐብኚዎችን የሚመሩ ወጣቶች ናቸው፤ የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ግንቡን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ድብብቆሽ ሲጫወቱበት ነው።

ስለ አያቴ አንድ ነገር ሳልናገር መጨረስ አልችልም፤ ይህንንም እንድጽፍ የሚመለከታቸው ሁለቱም ሰዎች ፈቅደውልኛል። እኔ ከመወለዴ በፊት በአያቴ ቤተ ዘመድና በአንድ ሌላ ቤተሰብ መካከል ደም ነበረ። ሽማግሌዎች ገቡና እንደ አገራችን ወግ ነገሩ በጋብቻ እንዲዘጋ መከሩ። አያቴ በዚያን ጊዜ ባሏ ሞቶባት ቤቱን ብቻዋን ታስተዳድር ነበር። ሁለተኛይቱን ልጇን፥ አክስቴን፥ ሰጠች። ዕርቁ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ከዚያ ወዲህ ከሁለቱም ወገን ማንም አልተገደለም። ጋብቻው ግን አልጸናም። አክስቴ በዚያ ቤት ብዙ ተበድላ፥ በአራተኛው ዓመት በሌሊት አንድ ልጅ አዝላ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ኑሮዋን ጀመረች። ለፋሲካም ለመስቀልም አትመጣም ነበር፤ አያቴም ስሟን አታነሣም ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በዘንድሮው ዓመት ነው፤ ያንን የጋብቻ ካርታ በወረቀት ላይ ሥዬ ለአያቴ ባሳየኋት ዕለት። ማንበብ ስለማትችል እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልሁ ማን ለማን እንደ ተዳረ አስረዳኋት። ወደ አስቴርና ወደ አልታሽ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። ብዙ ቈይታ የአክስቴን ነገር ነገረችኝ። በዚያ ሣጥን ፊት በየዓመቱ ስትቆም የምታስበው እርሷን እንደሆነም ነገረችኝ። እቴጌይቱ ልጆቻቸውን ሲድሩ ምን እንደሚመጣ አላወቁም፤ እኔም አላወቅሁም፤ ባውቅስ ኖሮ የሁለት ቤት ወንዶች ሲተላለቁ እያየሁ እንቢ እል ነበርን? ይህን ጥያቄ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንዳቀረበችው አልገባኝም። መልስ አልሰጠኋትም።

አክስቴን ስልክ ደውዬ ያነጋገርኋት ለዚህ ጽሑፍ ፈቃድ ለመጠየቅ ነበር። ካርታውንም ልኬላት ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ድምፅዋን አላሰማችም። ባለፈው ኅዳር 6 ቀን ግን ጎሕ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳና ስከፍት በነጭ ነጠላ ተሸፍና፥ ወጣት የሆነውን ልጇን አስከትላ ቆማለች። አያቴ እስክትለብስ ድረስ በግቢው ውስጥ ዝም ብለን ቆየን። ዳገቱን ስንወጣ አያቴ ጉልበቷ ስለ ደከመ በአንድ በኩል እኔ፥ በሌላ በኩል አክስቴ ደግፈናት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሣጥኑ ወዳለበት ገባን። በዚህ ዓመት አያቴ እንደ ወትሮዋ ብዙ አልቆመችም፤ ከፊት ያሉትን ሦስቱን አፅም ለአክስቴ ልጅ እያመለከተች ማን ማን እንደሆነ ነገረችውና ወጣን። ከፈረሰው አዳራሽ ግድግዳ ሥር በጥላው ተቀምጠን ከቤት ያመጣነውን ዳቦ ቈርሰን በላን።